ባሕር የተፋው፣ ጀልባ ያወረደው

ሰውየው ዋኝቼ ወጣሁ አለ። የተሳፈርኩባት መርከብ በጭጋግ መንገዷን ስታ ከዓለት ጋር ተላተመች፤ ጓደኞቼን ውሃ በላቸው፤ እኔ አንዲት ሳንቃ አቅፌ ስንገላታ አድሬ፣ ጎሕ ሲቀድ ማዕበሉ ከዚህ አሸዋ ላይ ተፋኝ፤ ብቻዬን ነኝ፣ አብሮኝ የወጣ ነፍስ የለም አለ።

ፍየል ጠባቂው ፋኑሪስ ደግሞ በጀልባ ነው የመጣው አለ። ከገደሉ አናት ቆሜ በገዛ ዓይኔ አየሁ፤ ጭጋጉ ሲሳሳ አንዲት ጥቁር ጀልባ አሸዋውን ነካች፤ ሦስት ሆነው ወረዱ፣ ሁለት ሆነው ተመለሱ፤ ከዚያም ባሕሩ ላይ ወደምትጠብቃቸው መርከብ ቀዘፉ አለ።

ከሁለቱ ማን እውነት እንደተናገረ የሚያውቀው አሸዋው ብቻ ነበር። አሸዋውን ደግሞ ኪራና ጠርጋዋለች።

አሁን ሦስቱም ሽቅብ እየወጡ ነው። ፋኑሪስ ከፊት፣ ወገቡን በፍየል ገመድ የታሰረው እንግዳ ከመሐል፣ ኪራና ከኋላ። ገመዱን የያዘው ፋኑሪስ ነው። ኪራና የያዘችው የባሕር ዳር ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ነው፤ መጥረጊያዋ። የሚሄዱበት ዳገት መንገድ የለውም። በድሪምያ ደሴት መንገድ እንዳይኖር ሕግ አለ። ሰው ትናንት በወረደበት ዛሬ አይወጣም። ሳሩ ተረግጦ መስመር ካወጣ መስመሩ ከባሕር ይታያል፤ መስመሩን ያየ መንደሩን ያገኛል፤ መንደሩን ያገኘ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በደሴቲቱ የማያውቅ የለም። አንዱ ወንበዴ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ሰቅሎ ይመጣል፣ ሌላው ጨረቃ ያለበት ሰቅሎ ይመጣል፤ ሰው ለባርነት ሲጭኑ ግን እጃቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ድሪምያ ከባሕር ለሚያያት ባዶ ናት። ቤቶቿ ዓለት ተደግፈው፣ ጣሪያቸው አፈር ለብሶ ተቀምጠዋል፤ ጭስ መውጫ የላቸውም፣ ግድግዳቸው ኖራ አያውቅም። ውሻ አይረባባትም። ጫጩት ወንድ መሆኑ የታወቀ ቀን ድስት ይገባል፣ አድጎ እንዳይጮህ። የፍየሎቹ ቃጭል ምላስ የለውም። አንድ ጊዜ የሱልጣኑ ግብር ሰብሳቢ በመርከብ ዙሪያዋን ዞሮ፣ “እዚህ ከፍየል በቀር የሚገብር የለም” ብሎ ሄደ ይባላል። ይህን ሲያወሩ ሽማግሌዎቹ እንኳ ይስቃሉ።

ዓሣ አስጋሪዎችና ጨው ለቃሚዎች ወደ ባሕሩ ዳርቻ በወረዱ ቁጥር ኪራና የመጨረሻዋ ሆና ትቀራለች። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ከውሃው አፍ እስከ ዓለቱ ድረስ የሰውን የእግር ዱካ ሁሉ ታጠፋለች፤ የራሷን ሳይቀር። እናቷም ይህንኑ ስትሠራ ኖራለች። እጇ ሥራውን ከመልመዱ የተነሳ ዛሬ ጠዋት ሌላ ዱካ፣ የእነሱ ያልሆነ ዱካ አሸዋው ላይ ስታይ እጇ ከልቧ ቀደመ። አየች፤ ጠረገች። ቀና ስትል ነው ሰውየውን ባሕሩ ዳር ፈርሳ ከቀረችው ከቅዱስ ፎቃ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ተኮራምቶ ያገኘችው። ወዲያው ፋኑሪስ ከገደሉ እየሮጠ ወረደና፣ “አሸዋው ላይ ምን ነበር?” ሲላት “ጠርጌዋለሁ” ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ አሸዋው አልተነፈሰችም።

ሕጉ አጭር ነው፣ ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል፦ ባሕር የተፋው ወደ ማዕድ፣ ጀልባ ያወረደው ወደ ገደል።

“እትዬ ኪራና፣” አለ ፋኑሪስ ሳይዞር፣ “መጥረጊያውን ምን ያደርግልሻል? እዚህ እኮ ዓለት ነው።”

“የአንተን አፍ ልጠርግበት ነዋ።”

“ይኸው! ቀን ሙሉ ዝም ብላ ስትናገር ሰው ትነክሳለች።” ገመዱን ሳብ አደረገ። “አንተ ዋናተኛ፣ ና ራመድ እንጂ። ባሕር ተሻግረህ ጉብታ ያቅትሃል?”

ሰውየው እግሩን እየጎተተ ተከተለ። ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፎ ደረቱ ላይ ይዞታል፤ ክንዱ ከክርኑ በታች አብጦ ጠቁሯል። ወጣት አይደለም፣ አርጅቶም አይደለም፤ ፀሐይና ረኃብ ዕድሜውን ደባልቀውበታል። ስሙ ሲዴሪስ እንደሆነ፣ የኪዮስ ደሴት ሰው እንደሆነ ነግሯቸዋል። አነጋገሩም እንደዚያው ነው፤ ቃላቱን እንደ ማስቲካ ይለጥጣቸዋል።

ታች መንደር ደረሱ። ከታች መንደር የተረፈው ግድግዳ ብቻ ነው። ከየቤቱ መሐል በለስ በቅሎ ጣሪያ የነበረበትን ሞልቶታል። የቅድስት ማትሮና ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፣ ግን በሯ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ወንበዴዎች መንደሩን ካቃጠሉ ወዲህ ቅዳሴ አልተቀደሰባትም። እዚህ ሲደርስ የድሪምያ ሰው ሁሉ ያማትባል። ፋኑሪስም አማተበ፤ አማትቦ ግን ዝም ማለት አልቻለም።

“ያን ደጃፍ ታያለህ? የአባ ዛኒስ ቤት ነበር። ዛሬ የሚፈርድብህ ሽማግሌ ማለት ነው። ሁለት ልጆቹን ከዚያ ደጃፍ ነው የወሰዱበት፤ ሌኦንዲስና ማንቶስ። ታላቁ ግራኝ ነበር፤ በግራው ድንጋይ ሲወረውር ፍየል ከሩቅ ያስቆማል። አባትየው ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ነበርና ተረፈ። ይሻል ነበር ባይተርፍ።”

“ፋኑሪስ፣” አለች ኪራና።

“ምን አልኩ? ይወቅ እንጂ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ይጠየቃል፤ ‘ከቀዛፊዎች መሐል ሁለት ወንድማማች አላየህም? አንዱ ግራኝ?’ ይላል ሽማግሌው። አንድ ለማኝ መነኩሴ መጣና ‘ቱኒስ ላይ በሕይወት አየኋቸው’ አለው። አባ ዛኒስ የወለደች ፍየሉን ሰጠው። ውሸት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ማን ደፍሮ ይንገረው?” ወደ እስረኛው ዞሮ ሳቀ። “እና አንተም ምላስ ካለህ ዛሬ ነው ቀኑ።”

“ዝም በል አልኩህ!”

ፋኑሪስ ደንግጦ አያት። ኪራና ጮኻ አታውቅም፤ በድሪምያ ማንም ጮኾ አያውቅም። እሷ ግን የምታየው እሱን አልነበረም፤ ሲዴሪስን ነበር። ሰውየው የዛኒስን ደጃፍ አተኩሮ ያያል። ሰምቷል፤ ስሞቹንም ይዟል።

ከታች መንደር በላይ ካለችው ምንጭ ሲደርሱ ፋኑሪስ ገመዱን ከበለስ ግንድ ጋር አሰረው። “ሽማግሌዎቹን ልጥራ፤ ፍየሎቼም ያለጠባቂ ናቸው። እትዬ፣ እሱን ጠብቂው፤ እንዳይዋኝብሽ!” ብሎ እየሳቀ ወደ ላይ መንደር ገሠገሠ።

ኪራና ከነጠላዋ ጫፍ የገብስ ደረቅ ዳቦ ፈታች። በምንጩ ውሃ ነክራ አለሰለሰችና በግራ እጁ አስያዘችው። ሲበላ ቆቡን አየችው።

“ቆብህ ደረቅ ነው፤ የባሕር ጨው እንኳ አልያዘም፣” አለችው።

ማኘኩን አቆመ። ግራ እጁ ወደ ራሱ ሄደ፤ ዘግይቶ መሄዱን ሲያውቅ መሐል ላይ ቆመ።

“ፋኑሪስ ሰው ሲያገኝ አፉ እንጂ ዓይኑ አይሠራም። ሽማግሌዎቹ ግን ያያሉ።”

“አንቺ ነሽ የጠረግሽው፣” አለ ሲዴሪስ ቀስ ብሎ። “እንግዲያስ አይተሻል።”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

ኪራና መጥረጊያዋን ጉልበቷ ላይ አኖረች። ባሏ ኒኪታስ አንድ ጠዋት መረቡን ይዞ ወጥቶ እንደቀረ ለዚህ ሰው ምን ብላ ትንገረው? ሞተ እንዳትል መቃብር የለ፤ አለ እንዳትል ወሬ የለ። አንዳንዴ ስትጠርግ፣ በሌላ ደሴት፣ በሌላ አሸዋ ላይ የባሏን ዱካ ያጠፋች ሴት ትኖር ይሆን ትላለች። ያቺ ሴት አጥፍታ ምን አደረገች?

“እውነቱን ንገረኝ፣” አለችው በምትኩ።

“ሁለት ክረምት በወንበዴዎች መርከብ ላይ በባርነት ቀዘፍኩ። ከኪዮስ ነው የያዙኝ፤ የማስቲካ ዛፍ ሙጫ ለቅሜ ስመለስ። ሰሞኑን መቅዘፊያው ተወርውሮ ክንዴን ሰበረው፤ ከዚያ ትኩሳት ያዘኝ። የማይቀዝፍ አፍ ማን ይመግባል? ወደ ባሕር ሊጥሉኝ ሲሉ ወጥ ሠሪያቸው ለመነልኝ። ‘ያቺ ባዶ ደሴት ላይ እንተወው፤ በነፍሱ እኛ ሳንሆን አሞራ ይጠየቅ’ አለ። ሳቁና እሺ አሉት።” ውሃ ተጎነጨ። “ከግድግዳው ሥር ስነቃ የዚያን ፍየል ጠባቂ ፊት አየሁ። ‘በጀልባ ነው የመጣኸው’ ሲለኝ ነገሩ ሞት እንዳለበት አነጋገሩ ነገረኝ። በጀልባ ነው ብል ቀሪውን ትሰሙኝ ነበር?”

ኪራና አሰበችበት። “አንሰማህም ነበር፣” አለች።

“እንግዲያስ ዋኝቶ ወጣ በይላቸው። ከአንቺ በቀር አሸዋውን ያየ የለም።”

“ፋኑሪስ አይቷል። እሱን ውሸታም ላድርገው?” ትንሽ ቆየችና ጨመረች። “ደግሞ እነዚያ ነገ ቢመለሱስ? ልጆች አሉን።”

ፋኑሪስ ተመልሶ ገመዱን ሲፈታ ሲዴሪስ ደረቁን ቆብ ከራሱ አውልቆ እጁ ላይ ይዞት ነበር።

ላይ መንደር በተራራው ጉያ ውስጥ ናት፤ ከመሐሏ ቆሞ እንኳ መንደር መሆኗን ለማወቅ ልብ ማለት ይጠይቃል። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የፍየል ጋጥ ትመስላለች። ጎንበስ ብሎ የገባ ግን በወርቅ መደብ ላይ የተሳሉ ቅዱሳን ከየግድግዳው ይቀበሉታል፤ ደሴቲቱ ያላትን ብርሃን ሁሉ የደበቀችው እዚያ ውስጥ ነው። ደወል የላትም። ቄሱ አባ አኪንዲኖስ ሰው የሚጠሩት ሰሌዳ በጣታቸው አንኳኩተው ነው።

ሽማግሌዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዛኒስ ከመሐል ነው። ረጅም ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ቅንድቡ ግን እስካሁን ጥቁር ነው። ከታች መንደር ቃጠሎ በኋላ ይህን ሁሉ የመደበቅ ሕግ ያጸናው እሱ ነው፤ ሕጉ ከጸና ወዲህ ከድሪምያ ምድር አንድ ሰው እንኳ ተወስዶ አያውቅም። ስለዚህ ሰው ቢፈራውም የሚወቅሰው የለም።

ፋኑሪስ ያየውን ተናገረ። ሲዴሪስ ተጠየቀ፤ አንገቱን ደፋ። ጠዋት ያለውን አልደገመውም።

“ኪራና፣” አለ ዛኒስ። “ጠራጊያችን ነሽ። እጅሽን ከእመቤታችን ሥዕል ላይ አድርጊ። አሸዋው ምን ይላል?”

ሥዕሉ ቀዝቃዛ ነበር። ጀልባ ነበረ ብላ ብታቆም ሰውየው ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ገደል ይገባል። ጀልባ አልነበረም ብትል እሱ ይድናል፤ መንደሩ ግን ማን እንደቀረበው ሳያውቅ ይተኛል። መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ የመጣችው ይህንኑ ነው።

“ጀልባ ነበረ፣” አለች።

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። “አላልኳችሁም!” አለ ፋኑሪስ።

“ገና አልጨረስኩም። የጀልባዋ ሆድ ያረሰው ቦይ ነበር። ከቦዩ ጫማ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ወጥተዋል፤ እግራቸው ጠልቆ ገብቷል፣ ሸክም አላቸው። በመሐላቸው ሁለት መስመር አለ፤ የሚጎተት ሰው ተረከዝ የሚጽፈው መስመር ነው። ሲመለሱ እግራቸው ቀልሏል፤ አልዞሩም፣ አልፈለጉም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አልደረሱም። የተጣለው ሰው ከወደቀበት እስከ ግድግዳው በሁለት ጉልበትና በአንድ እጅ ዳኸ። ያየሁት ይህ ነው። ሁለት ክረምት በባርነት ቀዝፎ ክንዱ ሲሰበር እንደጣሉት ደግሞ እሱ ነገረኝ። ጠረግሁት፤ ልማዴ ነው። አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።”

አባ አኪንዲኖስ ተነሡ። “ሰላይ ሬሳ ሆኖ አይላክም፣ ወንድሞቼ። እነዚያ ሰው መኖሩን ቢያውቁ እሱን ትተው አይሄዱም፤ እኛን ጭነው ነው የሚሄዱት። ባዶ ናት ብለው ነው የጣሉት። መደበቃችን ሠርቷል ማለት ነው።”

“ሕጉ፣ ጀልባ ያወረደው ነው የሚለው፣” አለ ዛኒስ። “እንዴት እንዳወረደው አይልም።” ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “ደግሞ እኔ የምፈራው ዛሬን አይደለም፣ አባ። ዛሬ ክንዱ ተሰብሯል። ነገ ይድናል። አገሩ ይናፍቀዋል። የሚያልፍ ሸራ ሲያይ ከገደሉ ላይ እሳት ቢያነድስ? ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ስለሆነ።”

ይህን ማንም ሊያስተባብል አልቻለም። ኪራናም አልቻለችም።

“እንግዲያስ ዋስ ይጥራ፣” አሉ ቄሱ። “ይህም ሕግ ነው።”

የድሪምያ ዋስ በአንገት ነው። እንግዳው ከጠፋ ገደል የሚገባው ዋሱ ነው፤ ዋስ መሆን የሚችለውም ቤት ያለው ወንድ ብቻ ነው፣ ቄስ አይሆንም። ኪራና አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሽማግሌዎቹ ወለሉን ማየት ጀመሩ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። እያንዳንዳቸው ልጅ አላቸው፣ የልጅ ልጅ አላቸው፤ የማያውቁትን ሰው ናፍቆት በአንገታቸው ማን ይሸከማል?

ዛኒስ ወደ እስረኛው ጎንበስ አለ።

“አንተ፣” አለው ሲዴሪስን፤ ድምፁ ተለውጧል፣ ዝግ ብሏል። “ሁለት ክረምት ቀዝፈሃል አሉ። ከቀዛፊዎቹ ወንበሮች መሐል ሁለት ወንድማማች አላየህም? የዚህ ደሴት ልጆች ናቸው። ታላቁ ግራኝ ነው።”

ኪራና ወደ ሲዴሪስ ዞረች። ፋኑሪስም በመንገድ ላይ ያወራው ነገር አሁን ገባውና ቆቡን በእጁ ጨመደደ። በዚህ ክፍል ውስጥ ሲዴሪስን ሊያድን የሚችለው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉንም ያውቀዋል። አዎ ይበል። ሌኦንዲስ ይበል። ግራኝነቱን፣ ድንጋይ ውርወራውን ይጨምር። ሽማግሌው ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ዋስ ይሆነዋል። ኪራና ይበለው ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ የሽማግሌውን ፊት አይታ እንዳይለው ለመነች።

ሲዴሪስ ቀና አለ።

“አላየሁም።”

“አስብ እንጂ። መርከብ ቀያይረህ ይሆናል። ሌኦንዲስ ይባላል፤ ታናሹ…”

“ታናሹ ማንቶስ ነው። ስማቸውን ዛሬ በመንገድ ላይ ሰማሁ፣ አባቴ። ከምንጩ እስከዚህ ድረስ ስመላለስበት መጣሁ። እንዴት አድርጌ እንደምነግርዎ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።” የያዘውን ቆብ ወለሉ ላይ አኖረ። “ጠዋት ዋኝቼ ወጣሁ ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ሞት ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ልጆችዎን ግን አላየኋቸውም።”

አንድ ሽማግሌ አሳለ። ዛኒስ ሰውየውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ዓይኑ ከፊቱ ወደ ተሰበረው ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ባዶ እግሮቹ ወረደ።

“መቅዘፍ ያቃተውን ሁሉ እንዲህ ይጥሉታል?” ሲል ጠየቀ።

“የሚለምንለት ካገኘ ደሴት ላይ። ካላገኘ ወደ ባሕር።”

“ደሴት ላይ የተጣለውስ?”

“እሱ እንግዲህ የሚያገኘው ሰው እንደፈቀደ ነው።”

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። በትሩን ተደግፎ ተነሣ፤ ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት፤ ሊደግፈው እጁን የዘረጋውን ፋኑሪስን አልፈለገውም። ከወለሉ መሐል እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ፍርዱን ሊናገር እንደሆነ ገመቱ፤ አባ አኪንዲኖስም ማማተብ ጀምረው ነበር። ዛኒስ ግን ከሲዴሪስ አጠገብ ቆሞ ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ።

“ገመዱን ፍቱለት፣” አለ። “ዋሱ እኔ ነኝ። ይህ ሰው ከድሪምያ የወጣ ቀን ከገደሉ የምትጥሉት እኔን ነው። ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ዛሬ ከእኔ ቤት ያድራል።”